ካታንን በእጅ መሥራት፦ የደብረ ማርቆስ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፣ ቆጠራ

ሥራው ይሄ ነው። ካታን የሚባለውን የቦርድ ጌም እዚሁ ማርቆስ በሚገኝ ዕቃ ሙሉውን በእጃችን እንሠራለን። ሳጥኑ የሰው ነው፣ ባለቤቱ ለገና ሲመጣ ይዞት ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ ለምደነዋልና ያለሱ መክረም አይሆንልንም፣ ከውጭ ማስመጣት ከነማጓጓዣው ከነቀረጡ ለኛ ኪስ የሚቀመስ አይደለም። የምንሠራው ለራሳችን ቤት ነው፣ ለሽያጭ አይደለም፣ እሱን ከወዲሁ ተነጋግረናል። ፍኖተ ሰላምም ዳንግላም ሞጣም ያላችሁ ልጆች መሥራት ስትፈልጉ ልኬቱን ከዚ ውሰዱ፣ ስለሌሎቹ ጌሞች ያለንን አስተያየትም መሀል መሀል ላይ እጽፋለሁ ምክንያቱም ቀጥሎ ምን እንደምንሠራ የምንወስነው ተጫውተን ባየነው ነው።

ላላወቃችሁት ካታን ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ የፈጠረው ነው፣ ሰውየው የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፣ ከሥራ መልስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጌም ይሠራ ነበር፣ ካታን እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣና በዛው ዓመት የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት ወሰደ። በ2023 አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ጨዋታው ባጭሩ ሰው ያልሰፈረባት ደሴት አለች፣ መንገድ እየዘረጋህ ሰፈር ትቆረቁራለህ፣ ሰፈሩን ከተማ ታደርጋለህ፣ ዳይስ ሲወረወር ቁጥሩ የወጣበት መሬት ምርት ይሰጣል፣ የሌለህን ከሰው ትለዋወጣለህ፣ ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

ዛሬ ሳጥኑን ዘርግፈን ቆጠርን። ባለ ስድስት ጎን የመሬት ቁራጭ 19፦ እንጨት 4፣ እህል 4፣ በግ 4፣ ጡብ 3፣ ብረት 3፣ በረሃ 1። የቁጥር ምልክት 18። የምርት ካርድ 95፣ ለያንዳንዱ ምርት 19። የልማት ካርድ 25። ለአንድ ተጫዋች መንገድ 15፣ ሰፈር 5፣ ከተማ 4፣ ይሄ በአራት ቀለም ነው እንግዲ። ወደብ 9። ሽፍታ 1 (መሬት ላይ እየቆመ ምርት የሚያግድ ምስል ነው)፣ ዳይስ 2። ዳይሱን ከሉዶ እንወስዳለን፣ ሌላው ሁሉ ይሠራል።

ጥቅምት፣ መሬቱ

ካርቶን ይሁን እንጨት በሚለው ብዙ ተከራከርን። የቴሌቪዥን ካርቶን ጥሩ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ ግን ጫፉ ቶሎ ይላላጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ የማርቆስ እርጥበት ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ መሬት ላይ ቤት አይቆምም። ስለዚ 3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ወሰንን፣ ቁም ሳጥን ከሚሠሩ ልጆች ጋ ለጀርባ የሚቆርጡት ትርፍ አለ።

ስድስት ጎን አወጣጡ ቀላል ነው፣ ኮምፓሱን በፈለጋችሁት የጎን ርዝመት ክፈቱና ክብ ሥሩ፣ ከዛ ኮምፓሱን ሳትነኩት ክቡ ላይ ስድስት ጊዜ ምልክት እያደረጋችሁ ዙሩ፣ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኙ፣ አለቀ። የኛ ጎን 4.5 ሳንቲሜትር ነው። ከጎን እስከ ትይዩ ጎን 7.8 ይመጣል፣ ደሴቷ መሀል ላይ በአምስት ቁራጭ ነው የምትሰፋው ስለዚ 39 ሳንቲሜትር ትሆናለች፣ ቁመቷ የጎኑ ስምንት እጥፍ 36። የተለመደ የምሳ ጠረጴዛ ላይ ሰፈር ሠሪው ክንዱን ዘርግቶ ይደርሳል፣ ካርድም ቡናም ማስቀመጫ ቦታ ይተርፋል። ከዚ ያነሰ አታድርጉት፣ መንገድና ሰፈሩ ይጨናነቃል፣ ሰፈር የሚቆምባቸው ማዕዘኖች 54 ናቸው፣ መንገድ የሚዘረጋባቸው ጠርዞች 72፣ በጠበበ ሰሌዳ እጅ ሲዘረጋ የሰው ቤት ይፈርሳል።

አንዱን ቁራጭ በደንብ አሳምረን ቆርጠን ለሌሎቹ ሁሉ መለኪያ አደረግነው። በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። እዚ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል፣ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት አንድ ቁራጭ ላይ አይታይም፣ አምስቱ ሲደረደሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ከሥር የሚነጠፈው ባህር 50 በ48 የሆነ ሌላ ኤምዲኤፍ ነው፣ ሰማያዊ ተቀባ። ወደቦቹን ዳሩ ላይ በታንኳ ሥዕል አደረግናቸው፣ ጣና ላይ ያለችዋ የደንገል ታንኳ፣ ሥዕል የሚያስተምር ጓደኛችን ነው የሣላት። አምስቱ ወደብ የየራሱ ምርት አለው፣ ያንን ምርት ሁለት ሰጥተህ የፈለግከውን አንድ ትወስዳለህ፣ አራቱ ደግሞ ማንኛውንም ሦስት በአንድ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፣ አናጺ ቤት

መንገድ 60፣ ሰፈር 20፣ ከተማ 16። ሰፈራችን ያሉ አናጺ ጋ ሄድኩ፣ በርና አልጋ ነው የሚሠሩት፣ ዋንዛ ነው ብዙውን ጊዜ።

«ጋሼ፣ ከዚች ፍርፋሪ ቀጠን ያለ ዘንግ ይሰነጥቁልኛል? ግማሽ ሳንቲም በግማሽ ሳንቲም»

«ምን ሊሆንህ ነው ልጄ?»

ካታኑን በስልክ አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ከዛ ዘንጉን ብቻ አይደለም የሰጡኝ፣ ለቤቶቹ አንድ ረጅም ሞላላ እንጨት አንስተው ሁለት ጎኑን በመላጊያ አጋደሉት፣ የጣሪያ ቅርጽ ያዘ፣ «በል አሁን እንደ ዳቦ እየቆረስክ ሂድ፣ እያንዳንዱ ቤት ይሆንልሃል» አሉኝ። እኔ እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ ልጠርብ ነበር ሐሳቤ፣ የሳቸው ዘዴ የሳምንት ሥራ ነው የቀነሰልን፣ ደግሞ ሁሉም አንድ ልክ ሆኖ ወጣ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፣ ሲያልቅ አምጥተህ አሳየኝ ብቻ ነው ያሉት።

መንገዱ ባለ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። ከተማው ሁለት ቤት ነው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ በኮላ የተጣበቀ። ቀለሙ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አራተኛውን ግን ምንም ቀለም ሳንቀባ ዋንዛውን በቫርኒሽ ብቻ ተውነው፣ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው፣ አሁን ገና ሰው ሳይቀመጥ «ዋንዛው የኔ» እየተባለ ሽሚያ ነው። ለትንንሽ ዕቃ የጥፍር ቀለም ከግድግዳ ቀለም ይሻላል፣ ቶሎ ይደርቃል ብሩሹም ከነክዳኑ ነው።

ኅዳር፣ ቁጥሮቹ

ይሄን ክፍል በጣም ነው የምወደው። የቁጥር ምልክቶቹን ከቆርኪ ሠራናቸው። ዳማ በቆርኪ ያልተጫወተ ማርቆስ ላይ የለም፣ ስለዚ ለጣታችን አዲስ አይደለም፣ ሆዱ ውስጥ በክብ የተቆረጠ ወረቀት በኮላ ይለጠፋል፣ ጀርባው ለስላሳ ስለሆነ መሬቱን አይቧጥጥም፣ ጥርሱ ዙሪያውን ከፍ ስለሚል ወረቀቱ በእጅ ብዛት አይቆሽሽም። 2.5 ሳንቲሜትር ክብ ልክክ ይላል።

ቁጥሮቹ ላይ ነጥብ ማድረጉን እንዳትዘሉት። ሁለት ዳይስ ሲወረወር 36 ዓይነት አወጣጥ አለ፣ 6 በአምስቱ ይመጣል 8ም በአምስቱ፣ 5 እና 9 በአራት በአራት፣ 4 እና 10 በሦስት፣ 3 እና 11 በሁለት፣ 2 እና 12 በአንድ በአንድ። ከቁጥሩ ሥር ያን ያህል ነጥብ ይደረጋል፣ 6 እና 8 ቀይ ይሆናሉ። አዲስ ሰው ሒሳቡ ሳይገለጽለት ነጥቡን ብቻ እያየ ጥሩ መሬት ይመርጣል። 7 ቆርኪ የለውም፣ እሱ የሽፍታው ነው፣ ከ36 በስድስቱ ስለሚመጣ ከሁሉም ቁጥር የሚበዛው እሱ ነው።

ሳጥኑ ላይ ምልክቶቹ ጀርባቸው በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል አላቸው፣ በዛ ቅደም ተከተል ከአንድ ጥግ ጀምረህ ወደ ውስጥ እየጠመዘዝክ ትደረድራለህ፣ ይሄም ቀዮቹ ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ነው። እኛ በሀ ሁ አደረግነው፣ ከ«ሀ» እስከ «ኸ» ስትቆጥሩ ልክ 18 ፊደል ነው፣ ሲገጥም ደስ አለን። ቅደም ተከተሉ ለምትፈልጉት፦ 5፣ 2፣ 6፣ 3፣ 8፣ 10፣ 9፣ 12፣ 11፣ 4፣ 8፣ 10፣ 9፣ 4፣ 5፣ 6፣ 3፣ 11። በረሃው ሲደርስ ዝለሉት።

ኅዳር መጨረሻ፣ ካርድ

ኮፒ ቤት ያለው ፕሪንተር ወፍራም ወረቀት አይጎትትም። ስለዚ ተራ ወረቀት ላይ ፕሪንት ተደርጎ ማኒላ ፎልደር ላይ ተለጠፈ። ጀርባውን ባዶ ማኒላ መተው ትልቅ ጥቅም አለው፣ ከፊትና ከኋላ ፕሪንት ሲደረግ መገጣጠሙ ያስቸግራል፣ ትንሽ ከተዛነፈ ካርዱ ከጀርባው ይታወቃል፣ ማኒላ ግን ሁሉም አንድ ነው። መጠኑ 5 በ7 ሳንቲሜትር ከሆነ አንድ ኤፎር ላይ 16 ይገባል፣ 120ው ካርድ በ8 ወረቀት ያልቃል። ላሚኔት አታድርጉ፣ ሲበወዝ ያንሸራትታል ጫፉም ይከፈታል፣ ፊቱን በሰፊ ስኮች መሸፈን ይበቃል።

ሥዕሎቹን የራሳችን አደረግናቸው። እህሉ ጤፍ ነው፣ በጉ ጮቄ ተራራ ላይ ነው የቆመው፣ በረሃው አባይ በረሃ ነው፣ እዛ ላይ ማንም አልተከራከረም። ከ25ቱ የልማት ካርድ 14ቱ ባለ ጦር ፈረሰኛ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ሥዕል አስተማሪው ጓደኛችን የአዊ ፈረሰኛ አድርጎ ሣላቸው፣ ጥር 23 እንጅባራ የሄደ ሰው ፈረሱ እንዴት እንደሚሸለም ያውቃል፣ ያን ሁሉ ጌጥ በ5 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ ማስገባቱ የልጁን እጅ ያስመሰግናል። የቀሩት 5 የነጥብ ካርድ፣ 2 መንገድ መሥሪያ፣ 2 የጥጋብ ዓመት፣ 2 ሞኖፖል ናቸው።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ በራሳችን ዕቃ

መብራት አልነበረም፣ ሻማና የስልክ ባትሪ። ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም በቀን የማይታይ ነገር አሳየን። የእንጨቱ አረንጓዴና የበጉ ሣር አረንጓዴ በሻማ አንድ ናቸው። ሳጥኑም ላይ ይሄው ችግር ነበር። መፍትሔው ቀለሙን መቀየር አይደለም፣ እያንዳንዱ መሬት ላይ ደመቅ ያለ ጥቁር ምልክት መጨመር ነው፣ ዛፍ፣ በግ፣ ዘለላ፣ ጡብ፣ መዶሻ፣ በማግስቱ ተሠራ። ዓይናቸው ቀለም የማይለይ ሰዎችም በዚሁ ይጫወታሉ።

ስለ ጨዋታው ራሱ ግን መጻፍ የምፈልገው አለ። የቤቱ ባለቤት እናት እህል ነጋዴ ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ቡና እያፈሉ ሲያዩን ቆዩና አራተኛ ሰው ሲቀር ተቀመጡ። ሕጉን አንድ ዙር ነው የፈጀባቸው። ጡብ የሚሰጠው መሬት ሦስት ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንገድም ሰፈርም ያለ ጡብ አይሠራም፣ እትዬ ሁለት ጡብ ጥሩ ቁጥር ላይ ይዘዋል፣ ሁላችንም ወደሳቸው ዞርን።

«እትዬ፣ አንድ በግ እሰጥዎታለሁ በአንድ ጡብ»

«በግ በዝቷል ዛሬ። ሁለት አምጣ»

ሁለት ሰጣቸው። ከዛ ጨዋታው መሀል ሲደርስ ሰው ሁሉ መንገዱን ዘርግቶ ወደ ከተማ ዞረ፣ ከተማ ሦስት ብረትና ሁለት እህል ነው የሚፈልገው፣ ጡብ ዋጋው ወረደ ብረት ወጣ። እሳቸው እኮ ማንም ሳይነግራቸው ጡባቸውን ቀደም ብለው ሸጠው ጨርሰው ብረት ይሰበስቡ ነበር። መጨረሻ ላይ ልጃቸው 8 ነጥብ ላይ ሆኖ አንዲት ብረት ለመናቸው፣ «ልጄ አንተማ ከተማህን ልትሠራ ነው፣ እኔ ብረቴን ሰጥቼ ቀድሜ ልሸነፍ?» አሉና ለሌላዋ ልጅ በርካሽ ሰጧት። ይሄ ነው ካታን። ዕቃው እንጨትና ወረቀት ነው፣ ጨዋታው ያለው ሰዎቹ መሀል ነው፣ ገበያ ያደገ ሰው ከመጽሐፍ ከተማረው ይቀድማል። ሳጥኑ ላይ 75 ደቂቃ ይላል፣ እኛ ጋ ከዛ ይበልጣል ምክንያቱም ማንም ባንድ ቃል አይለዋወጥም፣ ይበልጥ እንጂ ምን አለበት።

የማልወደውም አለ። ሲጀመር ሁለት ሰፈር ነው የምታስቀምጠው፣ እሱ ላይ ቦታ ከተዘጋብህና ቁጥርህ ካልወጣ እጅህን አጣጥፈህ የሰው ጨዋታ ታያለህ፣ ያ ሰው ሲከፋው ይታያል፣ ሁለተኛ አልጫወትም ያለም አለ። አዲስ ሰው ሲኖር መጨረሻ ላይ እንዲያስቀምጥ እናደርጋለን ምክንያቱም በሕጉ የመጨረሻው ሰው ሁለቱን አከታትሎ ያስቀምጣል፣ አንዱን ካንዱ አስማምቶ ለመምረጥ ይመቸዋል።

ታኅሣሥ፣ ስለ ዳይሱ

ሰንጠረዥ (ቼዝ) የሚወድ ጓደኛችን ዳይስ አይዋጥለትም፣ «አስቤ ያስቀመጥኩትን ዳይስ ከሚያበላሽብኝ» ይላል። እውነት አለው። ስለዚ 36 ካርድ ሠራንለት፦ 7 በስድስት ካርድ፣ 6 እና 8 በአምስት በአምስት፣ እንዲ እያለ 2 እና 12 በአንድ በአንድ። ዳይስ በመወርወር ፈንታ አንድ ካርድ ይገለጣል። ቁጥሩ በልኩ ይመጣል፣ ማንም «8 ዛሬ ጠፋ» አይልም። ጉዳቱ መጨረሻ ላይ የቀሩት ካርዶች ይታወቃሉ፣ ስለዚ ከተበወዘ በኋላ አምስት ካርድ ሳይታዩ ወደ ጎን ይወጣሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ዳይሱ ይሻለኛል፣ ሲወረወር ሁሉም ሰው ጠረጴዛው ላይ ያጎነብሳል፣ በካርዱ ያ የለም። እሱ ሲኖር ግን በካርድ ነው፣ ያለ ኩርፊያ ይጨርሳል።

ገና ሰሞን፣ ሳጥኑ ሄደ፣ ቀጥሎ ምን?

ባለቤቱ መጣ፣ የኛን አየ፣ በኛው ተጫወተ። አናጺውም ጋ ወስጄ አሳየኋቸው፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ አንስተው አዩዋቸው፣ ከተማዎቹን ኮላው በደንብ ይዟቸዋል አሉ።

ከሳጥኑ ባለቤት ጋ ሌሎች ሳጥኖችም ነበሩ፣ ቀጣዩን ለመምረጥ ስንሞክራቸው ከረምን።

አዙል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው፣ አምስት ቀለም ያላቸው 100 የፕላስቲክ ጡቦች፣ ግድግዳ ታስጌጣለህ። ዕቃው ሲያምር፣ እጅ ላይ ክብደቱ ራሱ ደስ ይላል። ግን ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም የራሱን ግድግዳ ያያል። ፋርማሲስቷ ጓደኛችን ከካታን ትመርጠዋለች፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳናግር ውዬ ማታ ዝም ማለት ነው የምፈልገው ትላለች፣ ይገባኛል።

ፓንደሚክ ላይ ሁላችንም አንድ ወገን ነን፣ አራት በሽታ ዓለምን ሳይጨርስ መድኃኒት ማግኘት ነው። 48 ከተማ አለ፣ አዲስ አበባ የለችበትም፣ ለኛ የሚቀርበው ካርቱም ነው፣ ሁላችንም ካርቱም ላይ በሽታ ሲበዛ የኛ ነው ብለን እንሮጣለን። ችግሩ አንድ የሚያውቅ ሰው ካለ ለሁሉም ያዝዛል፣ ሌላው እጁ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ተራው የደረሰው ሰው ራሱ ሳይጠይቅ ማንም ሐሳብ እንዳይሰጥ ብለን ሕግ አወጣን፣ በጣም ተሻሻለ፣ ግን ካርዱም ኩቡም ብዙ ነው፣ ለመሥራት ይቆየን።

ካርካሶን አሸነፈ። ክላውስ ዩርገን ቭሬደ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ በ2001 ያንኑ ሽልማት ያገኘ፣ ስሙ ደቡብ ፈረንሳይ ካለች ግንብ ከተማ የመጣ። ከክምሩ አንድ ካሬ ታነሳለህ፣ ከተማው ከከተማ መንገዱ ከመንገድ ጋ እንዲገጥም ታስቀምጣለህ፣ ሰው ታቆምበታለህ። ሁለት ሰው ብቻ ሲገኝ ካታን አይሆንም፣ ካርካሶን ግን በሁለት ሰው ነው የሚጣፍጠው፣ የሌላው ትልቅ ከተማ ሊዘጋ አንድ ካሬ ሲቀረው ያቺን ቦታ የማይገጥም አድርገህ ታጥርበታለህ፣ ያን ጊዜ ነው ክርክሩ። አፍ የሚያስከፍት ጨዋታ ነው እኛ የምንፈልገው፣ እሱ አለው።

ካሬው 72 ነው፣ 4.5 በ4.5 እናደርገዋለን፣ 8 በ9 ተደርድሮ 36 በ40.5 ይመጣል ስለዚ የመጋዙን ብክነት ጨምሮ 40 በ45 የሆነ ኤምዲኤፍ ይበቃል። የመጀመሪያው ካሬ ጀርባው ጠቆር ይላል፣ እሱን በቫርኒሽ እንለየዋለን። ሰዎቹ 40 ናቸው፣ ለአምስት ቀለም ስምንት ስምንት፣ ሰባቱ መጫወቻ አንዱ ነጥብ መቁጠሪያ። የሰው ቅርጽ እንደ ቤቱ ከአንድ ረጅም እንጨት ይወጣ እንደሆነ ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ፣ እግሩ መሀል ያለውን ክፍተት በክብ ሞረድ ርዝመቱን ቦርቡረን እንሞክራለን ብለዋል። ገበሬ መሬት ላይ የሚተኛበትን ሕግ ለአዲስ ሰው አናስተምርም፣ መንገዱ በአንድ ካሬ አንድ ነጥብ፣ ያለቀ ከተማ በአንድ ካሬ ሁለት፣ ዙሪያው የተሞላ ገዳም 9፣ ለመጀመሪያ ምሽት ይሄ ይበቃል። ቆረጣው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ትርፍ ኤምዲኤፍ ያላችሁ ማርቆስ ያላችሁ ልጆች አትጣሉት።